ዶሚኖ በረሮን ቤት ውስጥ ማርባት፦ ከአፈሩ እስከ ክንፉ

በረሮ አረባለሁ ስትሉ ሰው ሁሉ የሚያስበው ማታ ኩሽና ውስጥ መብራት ሲበራ የሚሮጠውን ቡናማ ነው። በዓለም ላይ ግን ስም የወጣላቸው የበረሮ ዝርያዎች ወደ 4,600 ይጠጋሉ። ከሰው ቤት ጋር የተላመዱት 30 ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ጫካ ውስጥ፣ ከወደቀ ቅጠልና ከበሰበሰ ግንድ ሥር የሚኖሩ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ አለ። እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ አለ። ጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትም አለ።

አውሮፓ፣ አሜሪካና ጃፓን ውስጥ እነዚህን በሳጥን የሚያረቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። እዚያ የምትኖሩና ሐሳቡ የገባችሁ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ባለቀለም በረሮ ማርባት ማለት በአብዛኛው አፈር መንከባከብ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የምታዩት አፈር ነው። ቀለሙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ የሚቆየውም ለጥቂት ወራት ነው። ይህ የማይዋጥላችሁ ከሆነ ዓሣ ግዙ።

የትኛውን ዝርያ?

ለጀማሪ የምመክረው ዶሚኖ በረሮን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቴሪያ ፔቲቬሪያና ይባላል። አገሩ ደቡብ ሕንድ፣ ቁጥቋጦ የበዛበት ደረቅ ጫካ ነው። ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ጥቁር ክንፉ ላይ ሰባት ትልልቅ ነጭ ነጠብጣቦች አሉት። ነጠብጣቦቹ በሁለቱ ክንፎች እኩል አልተከፋፈሉም፤ በአንደኛው አራት፣ በሌላኛው ሦስት ሆነው ነው የሚታዩት። በዚያው ሕንድ ሲነኩት የሚያቃጥል ፈሳሽ የሚረጭ፣ ጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ጥንዚዛ አለ። ዶሚኖው እሱን መስሎ ጠላቶቹን ያታልላል ተብሎ ይታሰባል።

ማታለሉስ ሰውም ላይ ሠርቷል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ሲያወጣለት ከጥንዚዛዎች ጋር ነበር የመደበው። ስለዚህ ቤት የመጣ ዘመድ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ቢላችሁ “ጥንዚዛ ነው” ማለት ያን ያህል ነውር አይደለም።

ዶሚኖን ለጀማሪ የሚመች የሚያደርገው መልኩ ብቻ አይደለም። ግልገሎቹ (ገና ክንፍ ያላወጡት) ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ላይ መውጣት አይችሉም። ክንፍ ያወጡት ቀንም ስለሚንቀሳቀሱ ለማየት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሌሊት መጠበቅ የለባችሁም። የቅርብ ዘመዱ ቴሪያ ኦሌግራንድዣኒም አያያዙ ያው ነው። ክንፉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት የጥያቄ ምልክት ይመስላል።

እጅ ላይ አውጥቶ መያዝ የሚፈልግ ሰው ግን ዶሚኖ አይሆነውም። ፈጣን ነው፣ ሲደነግጥም ደስ የማይል ሽታ ይለቃል። ለእጅ የሚሆነው ፉ ባዩ የማዳጋስካር በረሮ ነው። ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ክንፍ የለውም፣ ዝግ ያለ ነው። ሲነኩት በጎኑ ካሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች አየር እያስወጣ ፉ ይላል። ልጆች ይወዱታል። ቀለም ከተባለ ግን ቡናማና ጥቁር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሕጉን አጣሩ። አሜሪካ ውስጥ ሕያው ነፍሳትን ከግዛት ግዛት ማዘዋወር የግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ አንዳንድ ግዛቶችም የራሳቸው ክልከላ አላቸው። አውሮፓ ውስጥ ቀለል ይላል። ጀርመን ውስጥ፣ ለምሳሌ ፍራንክፈርት፣ ነፍሳት የሚሸጡበትና የሚለዋወጡበት ገበያ ይቆማል። ከሻጩ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ስለሚቻል ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ወደ ኢትዮጵያም ሆነ ወደ ባህረ ሰላጤው አገሮች በሻንጣ ይዞ መግባትን ግን እርሱት። ፈቃድ የሌለው ሕያው ነፍሳት ኤርፖርት ላይ ችግር ውስጥ ይከታችኋል፣ ለአገሩ ተፈጥሮም አደጋ ነው።

ቀጥሎ የቤት ሰው። የበረሮ ኩስና የረገፈ ቅርፊት አለርጂና አስም ያስነሳል። ይህ ጫካ በቀል የሆነውንም ይመለከታል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ሐሳቡን ተዉት። ማንም የሌለባችሁም ብትሆኑ ሳጥኑን ስታጸዱ ማስክ አድርጉ፣ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። ሳጥኑ መኝታ ቤት አይቀመጥ።

ሦስተኛው ነገር ፍሊት ነው። ቤት ውስጥ የትንኝ ወይም የበረሮ መድኃኒት የሚነፋ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በሚቀጥለው ክፍል የተነፋ መርዝ ሙሉ ሳጥን ሊጨርስ ይችላል። ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚቀባው መድኃኒትም ያው መርዝ ነው። እንስሳችሁን ቀብታችሁ በዚያው እጅ አፈሩን እንዳትነኩ።

ሳጥኑ

ከ10 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳን ያለው፣ ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። መስታወትም ይሆናል፣ ግን ውድ ነው፣ ይከብዳልም።

ክዳኑ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀዳዳ ቁረጡ። አንዱን ጎን ከላይ በኩል ትንሽ ብትቀዱት ደግሞ አየሩ ይዘዋወራል። ቀዳዳዎቹን በጣም ደቃቅ በሆነ የብረት ወንፊት ሸፍናችሁ በሲሊኮን ወይም በትኩስ ሙጫ አጣብቁ። ብረት ያልኩት ፕላስቲክና ናይለን ወንፊትን በረሮ ስለሚቀረጥፈው ነው። ደቃቅ ያልኩት ደግሞ በረሮው እንዳይወጣ ሳይሆን ዝንብ እንዳይገባ ነው። እርጥብ አፈር ሲሸታቸው የሚመጡ ትንንሽ ዝንቦች አንዴ ከገቡ ማስወጣቱ ፈተና ነው።

ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ቤታችሁ በክረምት ከዚያ ከወረደ የማሞቂያ ምንጣፍ ግዙና ከሳጥኑ *ጎን* ላይ ለጥፉት። ከሥር አታድርጉት። እነዚህ ነፍሳት ሲሞቃቸው የሚሸሹት ወደ ታች ነው። ከታች ደግሞ ምንጣፉ እየጋገራቸው ነው፣ አፈሩንም ያደርቀዋል። በአየር ማቀዝቀዣ ለምትኖሩ ችግሩ ሙቀት ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚያደርቀው ክዳኑን በከፊል በፕላስቲክ ሸፍኑት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር ግን የትም አገር አይሆንም።

አፈሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ለዶሚኖ ግልገሎች አፈሩ ቤታቸውም፣ ምግባቸውም፣ ውሃቸውም ነው። ሙሉ የልጅነት ጊዜያቸውን ከውስጡ አይወጡም።

የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ኮኮፒት፣ ማለትም የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ ነው። ተጨምቆ በብሎክ ይሸጣል፣ 650 ግራሙ በውሃ ሲዘፈዘፍ 8 ሊትር አካባቢ ይሆናል። ማዳበሪያ ያልተጨመረበት መሆኑን አረጋግጡ። ሁለተኛው የደረቀ ቅጠል ነው። የኦክ፣ የቢች ወይም የሜፕል ቅጠል፣ ራሱ የወደቀና ቡናማ የሆነ። ሦስተኛው የበሰበሰ እንጨት ነው። ከቅጠላማ ዛፍ ግንድ የመጣ፣ ነጣ ያለ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር መሆን አለበት።

ቅጠሉንና እንጨቱን መንገድ ዳር ወይም መድኃኒት ከሚረጭ የአትክልት ቦታ አትሰብስቡ። ከጫካ ስታመጡም ጉንዳን፣ መቶ እግርና ሸረሪት አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ ቅጠሉን አፍሉት፤ እንጨቱን 100 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ኦቨን ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከአጠገቡም አትራቁ። ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት የሚወዱ ሰዎችም አሉ፤ ለሁለት ሦስት ቀን ማበረድ ብዙውን ተባይ ይገድላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ጥድና ባህር ዛፍ አይሁን። ሽታቸውና ሙጫቸው ለእነዚህ ዝርያዎች አይስማማም። (አውስትራሊያ ውስጥ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል እየበላ የሚኖር፣ ከ30 ግራም በላይ የሚመዝን ግዙፍ በረሮ አለ። እሱ የራሱ ዓለም ነው።)

አሁን ደባልቁ። ሁለት እጅ ኮኮፒት፣ ሁለት እጅ በእጅ የተፈረከሰ ቅጠል፣ አንድ እጅ የተፈረፈረ እንጨት። ውሃ እየጨመራችሁ አሹት። ልኩን ለማወቅ አንድ እፍኝ አንስታችሁ ጨብጡ። እጃችሁን ስትከፍቱ ሳይበተን ከቆየ ልክ ነው። ስትጨብጡት ውሃ ከጠብታ በላይ ካወረደ በዝቷል፣ ደረቅ ኮኮፒት ጨምሩበት።

ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው አድርጋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ሙሉት። አትጠቅጥቁት። ከላይ ሁለት ጣት የሚሆን ያልተፈረከሰ ደረቅ ቅጠል አልብሱት። ጥግ ላይ አንድ ሁለት ቁራጭ የዛፍ ልጣጭ ብታጋድሙ ክንፍ ያወጡት ይወጡበታል።

በረሮው ከመግባቱ በፊት ስፕሪንግቴል ግዙና አፈሩ ላይ ልቀቁ። ነጫጭ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ፍጥረታት ናቸው። ሻጋታ ይበላሉ። የሳጥኑን ግማሽ ችግር እነሱ ይፈቱላችኋል፣ ዋጋቸውም ትንሽ ነው። አይሶፖድ (የበሰበሰ ቅጠል የሚበሉ፣ ብዙ እግር ያላቸው ትንንሽ ፍጥረታት) ጨምሩ የሚሏችሁ ሰዎች ይኖራሉ። ትልልቆቹ አይሶፖዶች የበረሮን እንቁላል ስለሚበሉ ዶሚኖ ሳጥን ውስጥ ባይገቡ ነው የምመርጠው።

ከዚህ በኋላ ሳጥኑን ባዶውን ለሁለት ሳምንት ተዉት። ሻጋታ ከወጣ በዚህ ጊዜ ይውጣ፣ ስፕሪንግቴሉም ይራባ። የበሰበሰ ሽታ ካለው አየር አጥሮታል ማለት ነው። ጥሩ አፈር የሚሸተው ዝናብ የመታው ጫካ ነው።

ግልገሎቹ ሲገቡ

ከ10 እስከ 15 ግልገል መጀመር ጥሩ ነው። ሻጩን መጠናቸው የተለያየ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ ከተፈለፈሉት ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ ቀድመው ያድጋሉ፣ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። ሁሉም እኩል መጠን ከሆኑ ሴቶቹ ክንፍ እስኪያወጡ ወንዶቹ አልቀው ሊጠብቋቸው ይችላሉ። ክንፍ ያወጡትን መግዛት ያጓጓል፣ ግን ስንት ዕድሜ እንደቀራቸው አታውቁም።

አፈሩ ላይ ስታፈሷቸው በደቂቃ ውስጥ ይሰወራሉ። ከዚያ በኋላ ለወራት ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። እየቆፈራችሁ አትፈልጓቸው። ቅርፊቱን ሲቀይር የነበረ ግልገል ሰውነቱ ለስላሳ ስለሆነ በጣት ንክኪ ይሞታል። መኖራቸውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ምግቡን እዩ፤ ከጎደለ አሉ። በሳጥኑ ጎን በኩል ዋሻቸውም ይታያል። በነገራችን ላይ አንዳንዴ ነጭ በረሮ ታያላችሁ። በሽታ አይደለም፣ አሁን ቅርፊት የጣለ ነው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል።

ምግብና ውሃ

ዋና ምግባቸው ቅጠሉ ነው። ከላይ ያለው ሲሳሳ ጨምሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ትንሽ የተፈጨ ደረቅ የውሻ ምግብ ወይም የዓሣ ምግብ፣ አንድ ቁራጭ ካሮት፣ ፖም ወይም ሙዝ ስጧቸው። ምግቡን በጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጉ፤ የተረፈውን ለማንሳት ይቀላል። ፍራፍሬውን ላጡት፣ ልጣጩ ላይ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። በሁለተኛው ቀን ያልተበላውን አንሱ።

ፕሮቲን አታብዙ። የተረፈው ምግብ ማይት የሚባሉ ደቃቅ ተባዮችንና ዝንብ ከመጥራቱም ሌላ በረሮ ትርፍ ናይትሮጅንን እንደ ዩሪክ አሲድ በሰውነቱ ስለሚያከማች ሲበዛበት ይጎዳል። ጨርሶ ሲያጣ ደግሞ የጓደኛውን ክንፍ መቀርጠፍ ይጀምራል።

የውሃ ሳህን አያስፈልግም። አፈሩን በአንድ በኩል ብቻ አርጥቡ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አንዱን ጥግ በስፕሬይ ወይም በቀጭኑ አጠጡት፣ ሌላውን ጎን ተዉት። የሚመቻቸውን እርጥበት ራሳቸው ይመርጣሉ። ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ መሆን አለበት። በጎን ስታዩት የታችኛው አፈር ጠቆር ካለ ደህና ነው።

ክንፍና እንቁላል

ከተፈለፈሉ ክንፍ እስኪያወጡ ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ቅዝቃዜ ካለ ከዚያም ያልፋል። አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነ ነገር ሲሮጥ ታያላችሁ። ከዚያ በቀናት ልዩነት ሌሎቹ ይከተላሉ። አገር ቤታቸው ሕንድ ውስጥ ክንፍ አውጥተው የሚታዩት ዝናብ ተከትሎ ነው። ስለዚህ ግልገሎቹ ትልልቅ ሆነው ወራት ካለፉ ለትንሽ ጊዜ አፈሩን ከወትሮው በለጥ አድርጎ ማድረቅና ከዚያ በደንብ ማጠጣት ይሞከራል። ሁልጊዜ ይሠራል ብዬ አልምልላችሁም። የሚጎዳ ግን አይደለም፣ የታችኛው አፈር ሙሉ በሙሉ ካልደረቀ።

ክንፍ ያወጡት ከአንድ እስከ አራት ወር ይኖራሉ። ትንሽ ነው የሚበሉት። ለስላሳ ፍራፍሬ ይበቃቸዋል። ክዳኑ ይዘጋ፣ ጥቂት መብረር ይችላሉና።

ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በጠንካራ ከረጢት አድርጋ ነው። ከረጢቱ ቡናማ፣ የባቄላ ክክ የሚመስል፣ ከጥፍር የማይበልጥ ነገር ነው። አፈሩ ውስጥ ጣል ታደርገውና ትሄዳለች። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚከስረው። ክንፍ ያወጡት በሙሉ ሲሞቱ “አለቀ” ይልና አፈሩን ይደፋዋል። የሚቀጥለው ትውልድ እዚያ የተደፋው አፈር ውስጥ ነው!

እንቁላሉ እስኪፈለፈል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ወር ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ሳጥኑ ባዶ ይመስላል። የእናንተ ሥራ ግን አይቋረጥም፤ እርጥበቱን ጠብቁ፣ አፈሩን አትገልብጡ። እንቁላል ለብቻ መልቀም የሚወድ ሰው አፈሩን ሰፋ ባለ ወንፊት አበጥሮ ከረጢቶቹን በትንሽ ዕቃ፣ እርጥብ ኮኮፒት ላይ ማስቀመጥ ይችላል። ቁጥራቸውን ማወቅ ካልፈለጋችሁ አያስፈልግም። የተፈለፈሉት ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሆኑ ሳጥኑን ስታጸዱ አይታዩም። ስለዚህ አፈሩን በአንድ ጊዜ በሙሉ አትለውጡ። በዓመት አንዴ ከላይ ሲሶውን አውጡና በሌላ ሳጥን ለወራት አቆዩት፣ በምትኩ አዲስ ጨምሩ።

ችግር ሲመጣ

ሻጋታ፦ ምግቡን አንሱ፣ ቀዳዳውን አስፉ፣ ስፕሪንግቴል ጨምሩ። እንጨት ላይ የሚወጣው ነጭ ድር መሰል ነገር ግን ጉዳት የለውም።

ማይት፦ ምግቡ ላይ የሚርመሰመስ ነጭ ዱቄት ካያችሁ የእህል ማይት ነው። ለሁለት ሳምንት ከቅጠል በስተቀር ምንም አትስጡ፣ የላይኛውን አፈር አድርቁ። መድኃኒት አትርጩ፤ ማይቱን የሚገድል በረሮውንም ይገድላል።

ትንኝ መሰል ዝንብ፦ አፈሩ ከላይ ረጥቧል ማለት ነው። አድርቁት፣ ከሳጥኑ ውጪ ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት ስቀሉ።

በአንድ ጊዜ ብዙ ሬሳ፦ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሊት ነው። ቀጥሎ የደረቀ አፈር።

ከዶሚኖ በኋላ

አንድ ትውልድ ካወጣችሁ በኋላ ዓይናችሁ ወደ ሌላ መሄዱ አይቀርም። ያኔ ፓንክሎራ ኒቪያን ሞክሩ። ከካሪቢያንና ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ የመጣች፣ ለጋ ቅጠል የመሰለች አረንጓዴ በረሮ ናት። ግልገሎቿ ቡናማ ናቸው፣ እንደ ዶሚኖ አፈር ውስጥ ይኖራሉ፣ እርጥበትና የበሰበሰ እንጨት ግን ይበልጥ ይፈልጋሉ። እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ቆይታ ግልገል ነው የምትወልደው። ስለዚህ ከረጢት ፍለጋ የለም፣ ቶሎም ትበዛለች።

ችግሯ መብረሯ ነው። መስታወትም ትወጣለች። የሳጥኑን አፍ ከውስጥ በኩል አራት ጣት ያህል ቫዝሊን በስሱ ቀቡት፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን። ብርሃን ስለሚስባት ሳጥኑን የምትከፍቱት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግታችሁ ነው። ያመለጠችው መብራቱ ዙሪያ ትገኛለች፤ በብርጭቆ ከድናችሁ ትመልሷታላችሁ።

ፕሴውዶግሎሜሪስ ማግኒፊካ የሚባለው፣ ከቬትናምና ከቻይና የመጣው ብረታማ አረንጓዴ፣ ከሁሉም የሚያምረው ነው። የጃፓኑ ኢውኮሪዲያ ያሱማትሱይም እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ነው። የመጀመሪያው ውድ ነው፣ በዝግታ ያድጋል፣ የቆመ አየርም አይወድም። ሁለት ትውልድ ዶሚኖ ሳታወጡ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

የተረፋችሁን ግልገል ለሌላ አርቢ ስጡ ወይም ለዋውጡ። የሚወስድ ከጠፋ በዕቃ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ቀን አቆዩት። የምትጥሉትንም አፈር እንዲሁ፣ እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል አብርዳችሁ ነው የምትደፉት። ደጅ መልቀቅ ግን የትም አገር ቢሆን አይደረግም።